ሙያ ያለው በያጅና ብርቱው ገበሬ ለምን ከእጅ ወደ አፍ ይኖራሉ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ በምዕራብ ጎጃም አንድ ሄክታር መሬት ላይ በቆሎ ያመርታል። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር በብየዳ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ እጁን ያየ ሁሉ ይመሰክርለታል። ሁለቱም ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ጋ ግን ብር አይበረክትም። እኔ አዲስ አበባ ተቀጥሬ 60,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ለወንድሜ አዲስ የብየዳ ማሽን ልግዛለት ወይስ ለአባቴ ማዳበሪያ? እንቅፋታቸውስ በትክክል ምንድን ነው?»

ማሽኑን አይግዙ። ማዳበሪያውንም የአፈሩ ጠባይ ሳይታወቅ አይግዙ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ አሁን ግን የአባትዎም የወንድምዎም ገንዘብ የሚያልቀው በሌላ በኩል ነው።

የሁለቱ እንቅፋት አንድ ዓይነት ነው፦ ሳያውቁት አበዳሪ ሆነዋል። አባትዎ በታኅሣሥ በቆሎውን በርካሽ ሲሸጡ የነጋዴውን መጋዘን እየሞሉለት ነው፤ ክረምት ላይ የቤት እህል ሲያልቅ ያንኑ በቆሎ ከገበያ በውድ ሲገዙ የማከማቻውን ኪራይ ከነወለዱ ይከፍሉለታል። ወንድምዎ ደግሞ ግማሽ ቀብድ ተቀብሎ በር ሲሠራ፣ የጎደለውን ብረት ለደንበኛው በዱቤ እያቀረበ ነው። ደንበኛው ወለድ አይከፍልም፤ ወለዱን የሚከፍለው ወንድምዎ ራሱ ነው፣ ብረት ሻጩ ጋ። ሁለቱም መጠበቅ ስለማይችሉ ዋጋውን የሚቆርጥላቸው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ 60,000 ብሩ መዋል ያለበት መጠበቅ እንዲችሉ ለማድረግ ነው። እንዴት እንደሆነ ከወንድምዎ ልጀምር።

የአንድ የግቢ በር ሥራ እንውሰድ፤ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ ሁለት ተከፋች። የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው፤ ወንድምዎ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። ላሜራው (ዝርግ ብረቱ)፣ ቱቦላሬው (ውስጡ ባዶ የሆነው አራት ማዕዘን ብረት)፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉና ቀለሙ 40,000 ብር ፈጀ እንበል። ብዙ በያጅ በዚህ ላይ 12,000 ብር ጨምሮ «52,000 ብር» ይላል፤ 12,000 ብሯንም የአምስት ቀን የእጅ ዋጋው አድርጎ ይቆጥራታል። አይደለችም። ኤሌክትሮድ፣ የመቁረጫና የመሞረጃ ዲስክ፣ ፀረ ዝገትና ቲነር 3,000 ብር ይወስዳሉ። ረዳቱ በቀን 500 ብር ቢከፈለው ለአምስት ቀን 2,500 ብር ነው። ብረቱን ለማምጣትና በሩን ለማድረስ 2,000 ብር። የሥራ ቦታው ኪራይና መብራት በወር 6,000 ብር ከሆነና ወሩ 25 የሥራ ቀን ካለው፣ የአምስት ቀኑ ድርሻ 1,200 ብር ነው። ማሽኑም ያረጃል፤ 30,000 ብር የተገዛ ማሽን ሦስት ዓመት ቢያገለግል ለአምስት ቀን 200 ብር ገደማ ይደርስበታል። ሲደመር 48,900 ብር ወጣ። ለወንድምዎ የቀረው 3,100 ብር ነው፤ በቀን 620 ብር። ከረዳቱ የሚበልጠው በ120 ብር ብቻ ነው ማለት ነው፣ ያውም ኪሳራው ሁሉ የእሱ ሆኖ።

አሁን ዋጋ ከተናገረበት ቀን እስከ ገዛበት ቀን ብረት 8 በመቶ ቢጨምርስ? የ40,000 ብሩ 8 በመቶ 3,200 ብር ነው። አምስት ቀን ሠርቶ 100 ብር ከኪሱ ጨመረ። እጁ የተመሰከረለት ሰው ድሃ ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ነው፤ ስንፍና የለበትም፣ ገንዘብ ማባከንም የለበትም።

ቀብዱ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጣጣ አለው። ከ52,000 ብር ግማሹ 26,000 ነው፤ ቁሱ ግን 40,000 ይፈልጋል። የጎደለውን 14,000 ብር ከየት ያመጣል? አንድም ብረት መሸጫው በዱቤ ይሰጠዋል፣ በዱቤ ሲሰጠው ዋጋው ከፍ ይላል። ካልሆነም ከሌላ ደንበኛ ቀብድ ይቀበልና በእሱ ብር የመጀመሪያውን በር ይጨርሳል። ሁለተኛው ደንበኛ ይዘገይበታል፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛ ቀብድ ይፈልጋል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲበጠስ ስልክ ማጥፋት ይመጣል፣ ሰፈሩም «በያጅ ቀጠሮ አያከብርም» ይላል። ስንት ጨዋ ባለሙያ ስሙ የጠፋው በዚህ ነው።

መውጫው የዋጋውንና የአከፋፈሉን አሠራር መቀየር ነው። ከላይ ያሉት ወጪዎች ሁሉ ተቆጥረው፣ ለቁርጥራጭ ብክነትና ለመጠባበቂያ ትንሽ ተጨምሮ ዋጋው 58,000 ብር ቢባል፣ ክፍያው በሦስት ይከፈል፦ ውል ሲፈረም 70 በመቶ፣ በሩ ተበይዶ ቀለም ሳይቀባ ደንበኛው መጥቶ ሲያየው 20 በመቶ፣ ተተክሎ ሲያልቅ 10 በመቶ። 70 በመቶው 40,600 ብር ስለሆነ ቁሱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ብረቱም በተፈረመበት ዕለት ይገዛል። ደንበኛው 70 በመቶ ለመስጠት ከፈራ፣ ፍርሃቱም ተገቢ ነው፣ ሌላ መንገድ አለ፤ ወንድምዎ የቁሱን ዝርዝር ይጻፍለት፣ አብረው ብረት መሸጫ ሄደው ደንበኛው ራሱ ይክፈል፣ ወንድምዎ የእጅ ዋጋውንና የሥራ ወጪውን ብቻ ይቀበል። ትርፉ አይቀንስም፤ የብረት ዋጋ መዋዠቅም ከጫንቃው ይወርዳል። በዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ3 ቀን ነው» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ውሉ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ልኬቱን፣ የብረቱን ውፍረት፣ የክፍያውን ደረጃና የማስረከቢያውን ቀን ይያዝ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ውፍረቱን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «እገሌ በ45,000 ይሠራልኛል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ውስጥ ነው። 40 በ40 የሆነ ቱቦላሬ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ የ6 ሜትር ዘንግ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 1.2 ሚሊ ከሆነ ግን 8.7 ኪሎ ገደማ ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ በ1.5 ሚሊ ውፍረት 23.5 ኪሎ፣ በ1.2 ሚሊ 18.8 ኪሎ ይመዝናል። ዓይን ይህንን አይለየውም፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም አይለየውም። ወንድምዎ በካሊፐር ለክቶ፣ ካልሆነም ዘንጉን ሚዛን ላይ አውጥቶ ለደንበኛው ያሳይ። ሚዛኑ ለራሱም ይበጀዋል፤ «1.5 ነው» ተብሎ የተሸጠለት ብረት 9 ኪሎ ከመዘነ የተታለለው እሱ ነው፣ ሲበይደውም የሚበሳበት በዚህ ምክንያት ነው። ለእንዲህ ያለ ቀጭን ብረት 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ50 እስከ 70 አምፔር ይበቃዋል፤ መጀመሪያ በየቦታው ነጥብ ነጥብ አስይዞ፣ ከዚያ በአንድ ወገን ሳይገፋ ተራ በተራ እየዘለሉ መበየድ ነው። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በያጅ በሩ ይጣመምበታል፤ በማስተካከል የሚባክነው ግማሽ ቀንም ከእጅ ዋጋው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሁለተኛው እንቅፋቱ ወረቀት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ የሕንፃ ተቋራጩ ትልልቅ ሥራ አላቸው፤ ነገር ግን ደረሰኝ ይፈልጋሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የማያቀርብ አቅራቢ ሲገጥማቸው ከክፍያው 30 በመቶ ቀንሰው ለመንግሥት ማስገባት አለባቸው። 30 በመቶ ተቀንሶበት የሚያተርፍ በያጅ የለም። ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራውን ፈቃድ ላለው ሰው ሠርቶ ይሰጣል፣ የትርፉን ወፍራም ድርሻም ለደረሰኙ ባለቤት ይተዋል። ይህ በየከተማው በየቀኑ የሚሆን ነው።

«ታዲያ ለምን ፈቃድ አያወጣም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሰውየው የሚሰናከለው ግን ቢሮው መስኮት ላይ ሳይደርስ፣ ከአከራዩ ጋ ነው። ንግድ ፈቃድ የሥራ ቦታ አድራሻ ይጠይቃል፤ አድራሻው የተረጋገጠ የኪራይ ውል ይፈልጋል። አከራዩ ውል ከተፈራረመ የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣብኛል ብሎ እምቢ ይላል፣ ወይም ኪራዩን ይጨምራል። ኃይለኛ ማሽን የሚያሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪም የሚጠየቀው በባለይዞታው ሰነድ ስለሆነ፣ ተከራዩ እዚያም ይቆማል። ለዚህ የሚሠሩ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአከራዩ ጋር የግብሩን ጭማሪ አስልቶ በግልጽ መደራደር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭማሪው ከሚፈራው ያነሰ ነው፣ ከአንድ የደረሰኝ ሥራ ትርፍም ሊሸፈን ይችላል። ሁለተኛው ከሌሎች ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ጋር በኢንተርፕራይዝ ተደራጅቶ በከተማው የሥራና ክህሎት መዋቅር በኩል ሼድ መጠየቅ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ ስም ለመሙላት ብቻ የማይሠሩ አባላት አይጨምር። የማኅበሩን ዕዳ ሁሉም ይሸከማል፣ ብድር ሲመለስ የሚጠፉት ደግሞ እነዚያ ናቸው።

በምዘና የሚሰጠውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ በተመለከተ አጭር ልሁን። በልምድ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ መመዘን ይችላል፤ ምዘናው ለመደበኛ ተማሪ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። እንደ ወንድምዎ ያሉ ሰዎች የሚወድቁት በእጃቸው ሳይሆን በጽሑፍ ክፍሉ፣ በሥዕል ንባብና በደኅንነት ጥንቃቄ ነው፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርግ የሚጀምር፣ ጥቀርሻውን ሳያራግፍ ሌላ ረድፍ የሚደርብ ነጥብ ያጣል። በር ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው ወፍራም ብረትን በቪ ቅርጽ ሞርዶ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ትቶ፣ ብረቱን አቁሞ ከታች ወደ ላይ መበየድን አልለመደውም። ከምዘናው በፊት ይህንን በቁርጥራጭ ብረት ላይ ይለማመድ። ለሰፈር በር ሥራ ወረቀቱን የሚጠይቅ የለም፤ ትልቅ ተቋራጭ ጋ ለመግባት ወይም ውጭ አገር ለመሄድ ከፈለገ ግን ያስፈልገዋል። ከፈቃዱ ቀጥሎ ይምጣ።

ማሽኑስ? የወንድምዎ ሥራ የቆመው ማሽን ስለጠበበው ከሆነ፣ ማለትም ብረትም ደንበኛም እያለ ማሽኑ ስለሚዘገይ ከሆነ ብቻ ይግዛ። ያኔም ከኪስ ሙሉ ዋጋ ከማውጣት በፊት የካፒታል ዕቃ ኪራይን ይጠይቅ። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ይህንን ይሠራል። ባለሙያው ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ፣ ቀድሞ ይቆጥባል፤ ማሽኑ እስኪከፈል ድረስ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ መያዣው ራሱ ማሽኑ ነው፣ ቤት አይጠየቅም። በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ ዋስትናን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ባንኮችም ማሽን፣ ከብት፣ ክምችት ያለ ዕቃ በመያዣነት መቀበል ይችላሉ፤ ቅርንጫፉ «ቤት ከሌለህ አይሆንም» ቢል አዋጁን ጠቅሶ ብድር ክፍሉን መጠየቅ ነውር የለውም። በስልክ የሚገኘውን ያለ መያዣ ብድር ግን ለማሽን አያውለው። መመለሻው አጭር ስለሆነ ለሳምንት የጎደለ ብረት ይሆናል፤ ዓመት ቆይቶ ዋጋውን ለሚመልስ ዕቃ ሲውል ዕዳውን በሌላ ዕዳ ወደ መክፈል ያስገባል።

ወደ አባትዎ እንሂድ። ገበሬ በታኅሣሥ የሚሸጠው ሁለት ነገር ስለሚያስገድደው ነው። የመሬት ግብር፣ የዱቤ ዕዳና የጥር ሠርግ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ በዚያ ላይ ነቀዙን ይፈራል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይነገራል፣ ሁለተኛው ይረሳል። ቢያቆየው ይበላበታል እንጂ አያተርፍም ብሎ የሚያስብ ገበሬ በርካሽ መሸጡ ስሕተት አይደለም፤ በተራ ጆንያ ላስቀመጠ ሰው ትክክለኛ ስሌት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ነቀዙ ይቁም። ባለ ሦስት ሽፋን አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ፒክስ ይባላል፤ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ውስጡ፣ አንድ ተራ ማዳበሪያ ጆንያ ውጭው። ሲታሰር ውስጥ የቀረውን አየር ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ መራባቱን ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት አይገባበትም። ከረጢቱን ገዝተው ያልተሳካላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ወይ በቆሎው አልደረቀም ወይ ላስቲኩ ተበስቷል።

ድርቀቱ በጥርስ ብቻ አይታመን። አንድ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉ፣ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምሩ፣ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይናጡት፣ ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አልደረሰም። ጨው ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ለታሸገ ከረጢት ግን 13 በመቶ ስለሚፈለግ በሸራ ላይ ሁለት ሦስት ጥሩ ፀሐይ ይጨመርለት። መሬት ላይ አይሰጣ፤ የመሬቱ እርጥበትና ሻጋታ ይገባበታል። እርጥብ ሆኖ የታሸገ በቆሎ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ደግሞ ሲቀቀልም ሲጋገርም አይጠፋም። የሻገተውን ለከብትም አይስጡ።

ላስቲኩን ለመፈተሽ እያንዳንዱን በአየር ሞልቶ አፉን ጠምዝዞ መጫን ነው፤ አየር ከወጣ ተበስቷል። በቆሎው ተፈልፍሎ፣ ከቆረቆንዳና ከገለባ ተጠርቶ ይግባ፤ ስለታም ነገር ላስቲኩን ይወጋል። ሲሞላ እየተጠቀጠቀ፣ ከላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ባዶ ላስቲክ ይተውለት። የውስጠኛው ላስቲክ አየሩ ተገፍቶ፣ አፉ በደንብ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ በጠንካራ ገመድ ይታሰር፤ ሁለተኛው እንዲሁ፣ ጆንያውም እንዲሁ። በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አይጥ የሚያርፍበት ጥግ እንዳይኖር። ሲጎተት ይቀደዳልና ተሸክሞ ማንሳት ነው። ቢያንስ ለአንድ ወር አይከፈት፤ በየሳምንቱ ለመፈተሽ የሚከፈት ከረጢት ለነቀዙ አየር እየሰጠ ነው። በአግባቡ የተያዘ ከረጢት ለሦስት ምርት ዘመን ያገለግላል።

እዚህ ላይ ሌላው ምክር ሁሉ ቢቀር እንኳ ይህችን ለአባትዎ ይንገሩልኝ፦ በየገበያው የሚሸጠውን የእህል ኪኒን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ አይጨምሩ። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ተኝተው ሳለ ይገድላል። ማርከሻ የለውም።

አሁን ስሌቱ። 30 ኩንታል ተገኝቶ 14ቱ ለቤት ቢቀር፣ የሚሸጠው 16 ነው። በታኅሣሥ ኩንታሉ 3,000፣ በመጋቢት 3,600፣ በሰኔና ሐምሌ 4,200 ብር ነው እንበል፤ አሁንም ቁጥሩ ለስሌት ነው። የታኅሣሥ ግዴታው 12,000 ብር ከሆነ 4 ኩንታል ይበቃል። 12 ኩንታል ታሽጎ 4ቱ በመጋቢት፣ 8ቱ በሰኔና ሐምሌ ቢሸጥ፣ ሁሉንም በታኅሣሥ ከመሸጥ 12,000 ብር ይበልጣል። ከዚህ የ12 ከረጢት ዋጋ ይቀነሳል። የተረፈው ብር የሚገባበት ጊዜ ነው ትልቁ ቁም ነገር፤ ማዳበሪያ የሚከፈለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ አባትዎ አራጣ አበዳሪ ጋ አይሄዱም፣ መሬታቸውንም በወለድ አገድ አይሰጡም።

ሁሉንም ግን እስከ ሐምሌ አያቆዩ። ዋጋ የማይጨምርባቸው ዓመታት አሉ፤ መንገድ ተዘግቶ ነጋዴ የማይገባባቸው ወራትም አሉ፣ በተለይ በአሁኑ ጊዜ። ከፋፍሎ መሸጥ ለዚህ ነው። ከሐምሌ ማሳለፍም አይመከርም፤ ነሐሴ ላይ ጭቃው ማጓጓዣውን ያስወድዳል፣ እሸት መውጣት ሲጀምር ደግሞ ዋጋው ይላላል።

የሚዛኑን ነገር አይናቁት። ገበያ ላይ በኩንታል ሦስት አራት ኪሎ የሚበላ ሚዛን አዲስ አይደለም። ያልተከፈተ ማዳበሪያ ጆንያ 50 ኪሎ ነው፤ አባትዎ ያንን ይዘው ሄደው ከመሸጣቸው በፊት በነጋዴው ሚዛን ላይ ያውጡት። 47 ካለ ከሌላ ጋ ይሂዱ፣ ወይም ልዩነቱን ይዘው ይደራደሩ። ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ መኪና ሲሸጥ ደግሞ ደላላው የሚይዘው አቅም ይቀንሳል።

ማዳበሪያውን ከመግዛትዎ በፊት አፈር ይለካ ያልኩት፣ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ነው። የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 በታች ከወረደ በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አፈሩ ይይዘዋል፣ አልሙኒየሙም ሥሩን ያሳጥረዋል። ገበሬው በውድ ገዝቶ የዘራው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ «መሬቱ ሰነፈ» የሚባለው ይኼ ነው። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለከሰል በሚሆን ዲከረንስ ዛፍ የሸፈነው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ለሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል፣ ማጓጓዣው ከኖራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ማከም ይቻላል፤ ለሄክታር 30 ኩንታል ከታዘዘ ለቃዳው 7.5 ኩንታል ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን እኩል ተበትኖ፣ ከመዝራት አንድ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በሁለት እርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አይበተን፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይጠፋል። አንዴ የታከመ ማሳ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል። ናሙናውን በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ማስመርመር ይቻላል፤ ከማሳው ከአሥር ያላነሱ ቦታዎች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተወስዶ፣ ተደባልቆ፣ አንድ ኪሎ ያህሉ ይላካል። ከአንድ ጉድጓድ ብቻ የተወሰደ ናሙና አሳሳች ነው።

ብድር ካስፈለገ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካርዱ፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ ካርታ የወጣለት ካርድ፣ ዋጋ አለው። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በፌዴራል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ማስያዝ ይፈቅዳሉ፤ ፀደይ ባንክም አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በዚህ ካርድ በግል ሲያበድር ቆይቷል። የቡድን ዋስ የማያገኝ ገበሬ በዚህ ይወጣል። መሬቱ አይሸጥም፤ ዕዳ ካልተከፈለ አበዳሪው የሚይዘው ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብትን ነው፣ ያንን ጊዜ ከመፈረም በፊት ከውሉ ላይ ማንበብ ግድ ነው። ሰው የሚመለሰው በሁለት ጉድለት ነው፤ ካርዱ በሞተ አያት ስም ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ሚስት ሳትፈርም ባል ብቻውን ይሄዳል። የእናትዎ ስም ካርዱ ላይ ካለ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። የውርስ ዝውውሩ ካልተሠራ ብድሩ ከሚያስፈልግበት ወር አስቀድሞ፣ በበጋው፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጀመር።

60,000 ብሩን እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ። 30,000 ለወንድምዎ የሚሽከረከር የብረት መግዣ፤ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ለቁስ ብቻ ይውጣ፣ ደንበኛው ሲከፍል መጀመሪያ የሚመለሰው ወደዚያ ሂሳብ ይሁን። ለኪራይ፣ ለልብስ፣ ለበዓል አይነካ። 10,000 ለንግድ ፈቃዱና ከአከራዩ ጋር ለሚደረገው ድርድር። ለአባትዎ በታኅሣሥ 12,000 ብር በብድር ይስጧቸው፤ ያኔ የሚሸጡት 4 ኩንታልም ይቆያል፣ በሐምሌ ሸጠው ይመልሱልዎታል። በስጦታ አይስጡ፤ የሚመለስ ብር በቀጣዩ ታኅሣሥ እንደገና ይሠራል። ከረጢቱንና የአፈር ምርመራውን ከቀረው 8,000 ያውጡ።

ከዚያው ላይ የወላጆችዎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ይከፈል። ምዝገባውና እድሳቱ የሚካሄደው በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ወራት ብቻ ነው፤ ቀኑን ከቀበሌው አስቀድመው ይጠይቁ። በሬ በድንገት የሚሸጥበት፣ የታሸገው በቆሎ ያለ ጊዜው የሚከፈትበት፣ የወንድምዎ የብረት ብር የሚነካበት ተደጋጋሚ ምክንያት ሕመም ነውና ይህ ክፍያ ከሁሉም በፊት ይቅደም።